ሦስት ዛፍ ላይ የወጣችው ጄሲ ኖርማን

አጎቴ በተገናኘን ቁጥር የሚያነሳት ጥያቄ አንዲት ናት። «እሺ፣ አሁንስ አንዱን ያዝክ?» ይለኛል። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ ቀን ቀን እየጻፍኩ፣ ወር ሲያልቅ የሰፈራችንን ሱቆች ሒሳብ እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ እንደምኖር ያውቃል። መልሴን ሳይጠብቅ ተረቱን ያስከትላል፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

እውነቱን ለመናገር ዩኒቨርሲቲም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሁሉ የአዳም ስሚዝን የስፒል ፋብሪካ ያውቃታል። 10 ሠራተኞች ሥራውን ተከፋፍለው፣ አንዱ ሽቦውን እየሳበ፣ አንዱ እየቆረጠ፣ ሌላው ጫፉን እያሾለ በቀን 48,000 ስፒል ያወጣሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልሥራ ቢል ግን በቀን 20 ስፒል እንኳ ላይሞላለት ይችላል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አንዱን ያዝ፣ በሱ ተካን።

አንድ ሌሊት ቪዲዮ እየቆረጥኩ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ዩቲዩብ ከፍቼ ነበር። መጀመሪያ በጀርመንኛ የሚዘመር፣ ቀስ ያለ፣ ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር የሆነ ነገር መጣ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በባርነት ዘመን የዘመሩት መዝሙር። ከዚያ ደግሞ ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ብቻ ያሉበት የጃዝ ዘፈን። ሦስት ሴቶች መስለውኝ ነበር። ስሙን ሳይ ግን ሦስቱም ላይ አንድ ስም ነው ያለው፤ ጄሲ ኖርማን።

ታሪኳን መፈለግ የጀመርኩት፣ አልዋሽም፣ አጎቴን በክርክር ለመርታት ነው። ያገኘሁት መልስ ግን የፈለግኩት ዓይነት አልሆነም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቅዳሜ ሬዲዮ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን

ጄሲ ኖርማን በ1945 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ኦገስታ በምትባል ከተማ ተወለደች። በዚያን ጊዜ በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ነጭና ጥቁር በትምህርት ቤትም፣ በአውቶቡስም፣ በመጠጥ ውኃ ቧንቧም ሳይቀር በሕግ ተለያይቶ ነበር የሚኖረው። አባቷ የኢንሹራንስ ሻጭ ሲሆን በቤተ ክርስቲያን ይዘምር ነበር። እናቷ አስተማሪ ናት፤ ፒያኖም ትጫወታለች። ልጆቹ አምስት ናቸው፤ ሁሉም ሙዚቃ ይማራሉ።

እንግዲህ የዚህችን ልጅ ሳምንት አስቡት። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሏን እያጸዳች በሬዲዮ የኒውዮርኩን የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቀጥታ ሥርጭት ታዳምጣለች። እሁድ ጠዋት ደግሞ ሰው በአንድ ድምፅ የሚዘምርበት፣ የሚያጨበጭብበት፣ «አሜን!» እያለ የሚመልስበት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናት። ለእሷ እነዚህ ሁለት ዓለሞች አልነበሩም፤ የአንድ ሳምንት ሁለት ቀኖች ነበሩ። «ይሄ የነጭ ሙዚቃ ነው፣ ያ የኛ ነው» የሚለውን አጥር ሌላ ሰው ነው ያጠረው፤ እሷ ቤት ውስጥ አጥሩ አልነበረም።

አጥሩ ግን ከቤት ውጭ በደንብ ነበረ። በልጅነቷ የምታደንቃት ማሪያን አንደርሰን የምትባል ጥቁር ዘፋኝ ነበረች። በ1939 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ አንደርሰንን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት አልቀበልም ስላላት፣ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆማ 75,000 ለሚሆን ሕዝብ ዘፈነች። ያቺ ሴት በሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ዋና ሚና ይዛ የቆመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ዘፋኝ ለመሆን እስከ 1955 መጠበቅ ነበረባት። ያኔ ጄሲ የ9 ዓመት ልጅ ናት።

በ16 ዓመቷ ጄሲ በማሪያን አንደርሰን ስም ወደሚካሄድ ውድድር ወደ ፊላደልፊያ ሄደች። አላሸነፈችም። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ዋሽንግተን ላይ ወርዳ፣ ታዋቂው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ውስጥ ለሙዚቃ መምህራኑ ዘፈነች። ሰምተው ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚሰጧት ቃል ገቡላት። ከውድድር ተሸንፎ የሚመለስ ሰው በመንገዱ ላይ አንድ በር ሲያንኳኳ ማየት ደስ ይላል፤ እኛስ ስንቴ ተሸንፈን ቀጥታ ቤት ገብተን ተኛን?

ከሃዋርድ በ1967 ተመረቀች፤ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ሠራች። በ1968 ጀርመን፣ ሙኒክ ላይ የተካሄደውን ትልቁን ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ውድድር አሸነፈች። በታኅሣሥ 1969፣ በ24 ዓመቷ፣ በርሊን በሚገኘው ዶይቸ ኦፐር የቫግነር «ታንሆይዘር» ኦፔራ ላይ የኤልሳቤጥን ሚና ይዛ ወጣች። ከኦገስታ የመጣች ጥቁር ልጅ፣ በጀርመን መድረክ፣ በጀርመንኛ፣ ጀርመኖች እንደ ቅርስ በሚያዩት ሥራ!

ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ በጎን በኩል እኛ ሰፈር የሚያልፈው። በ1972 ጄሲ ሚላኖ በሚገኘው በዓለም ዝነኛ ኦፔራ ቤት፣ በላ ስካላ፣ «አይዳ»ን ሆና ዘፈነች። አይዳ ማን መሰለቻችሁ? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በጦርነት ተማርካ፣ ማንነቷን ደብቃ፣ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆና የምታገለግል ልዕልት። ጣሊያናዊው ቨርዲ የደረሰው ይህ ኦፔራ መጀመሪያ የታየው በታኅሣሥ 1871 ካይሮ ላይ ነው። በእርግጥ እዚያ ላይ ያለችው «ኢትዮጵያ» ፈረንጆቹ በምናባቸው የሣሏት ጥንታዊት አገር ናት፤ የኛን ታሪክ የሚፈልግ እዚያ አያገኘውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። በዚያው በ1871፣ በጥቅምት ወር፣ አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ከሚገኝ ፊስክ ከሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት ጥቂት ተማሪዎች ተነሱ። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ነው፤ እየዘፈኑ ገንዘብ ሊያሰባስቡ ነው የወጡት። አብዛኞቹ ባሪያ ሆነው የተወለዱ ናቸው። ወላጆቻቸው በጥጥ እርሻ ላይ፣ በሌሊት፣ ተደብቀው የዘመሯቸውን መዝሙሮች ወደ ኮንሰርት መድረክ ያወጡት እነሱ ናቸው። ፊስክ ጁቢሊ ሲንገርስ ይባላሉ። እነዚህ መዝሙሮች ስፒሪቹዋል ይባላሉ። ጎስፔል የምንለው ከዚህ ሥር የበቀለ፣ በ1930ዎቹ በቺካጎ አብያተ ክርስቲያናት የጎለመሰ ታናሽ ወንድሙ ነው።

አንድ ዓመት፣ ሁለት መድረክ። ካይሮ ላይ በወርቅ ያጌጠች የምናብ ባሪያ፤ ቴነሲ ላይ እውነተኛ ባሪያ የነበሩ ልጆች። መቶ ዓመት ቆይቶ ሁለቱም ሙዚቃ አንዲት ሴት ጉሮሮ ውስጥ ተገናኘ። ጄሲ ኖርማን ለምን ሁለቱንም እንደዘፈነች ሲጠይቋት መመደብን እንደማትወድ ትናገር ነበር፤ ሰውን በየሳጥኑ መክተት የሚያስደስተው እርግቦችን ብቻ ነው ማለቷ ይታወቃል። ለእኔ ግን ከቀልዱ ጀርባ ያለው ነገር ይበልጥ ይገባኛል። አንዱን ምረጪ ማለት ከቅዳሜና ከእሁድ አንዱን ሰርዢ እንደማለት ነው።

ትልቁ እምቢታ

እስካሁን ያለውን ሰምታችሁ «በቃ ሁሉንም ሞክር፣ ለሁሉም እሺ በል፣ ይሳካልሃል» የሚል ሞቲቬሽናል ስፒች የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ታሪኩ ወዲያ አይሄድም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ጄሲ ኖርማን በትልልቆቹ የአውሮፓ ኦፔራ ቤቶች ዘፍናለች። በርሊን፣ ሚላኖ፣ ለንደን። ገና 30 ዓመቷ ነው። ችግሩ፣ ኦፔራ ቤት ድምፅህን አይቶ ሳይሆን የሚጎድለውን ሰው አይቶ ሚና ይሰጥሃል። ትልቅ ድምፅ ያላትን ወጣት ሲያገኝ ከባድ ከባዱን ሚና ሊያሸክማት ይፈልጋል። የድምፅ አውታር ግን ጡንቻና ሥሥ ሽፋን ነው፤ በ26 ዓመት የ40 ዓመት ሸክም ከጫንክበት ይሰነጠቃል፤ መለዋወጫ የለውም።

ስለዚህ ምን አደረገች? ተወችው። ከ1975 እስከ 1980 ኦፔራ መድረክ ላይ አልወጣችም። አምስት ዓመት! በዚያ ጊዜ የሠራችው፣ ምን እንደምትዘፍን ራሷ የምትመርጥበትን ነው፤ ከአንድ ፒያኖ ጋር የሚደረግ ኮንሰርት፣ ከኦርኬስትራ ጋር የሚዘፈኑ ነጠላ ዜማዎች፣ የስፒሪቹዋል አልበም። ኦፔራ ላይ የተመለሰችው በ1980 ሃምቡርግ ላይ፣ በሪቻርድ ሽትራውስ «አሪያድነ» ነው።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ነው፤ አንዱን ስትመርጥ የምትተወው የሌላው ዋጋ። የ30 ዓመት ሰው፣ ስሙ እየወጣ ሳለ፣ ገበያው «ነይ!» እያላት፣ አምስት ዓመት መቅረት ማለት ስንት ብር እንደሆነ አስቡት። የምትወዳደራቸው ሴቶች በእነዚያ ዓመታት በየመድረኩ እየተጨበጨበላቸው ነበር። እሷ ግን የሠራተኛዋን ሳይሆን የመሣሪያውን ዕድሜ ነው ያሰላችው።

ውጤቱስ? ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ያ ክፍሏን እያጸዳች በሬዲዮ የምትሰማው ቤት፣ በመስከረም 1983 100ኛ ዓመቱን የጀመረው እሷን መድረክ ላይ አቁሞ ነው። የቤርሊዮዝ «ትሮያውያን» ላይ ካሳንድራን ሆና። 38 ዓመቷ ነበር። እዚያው ወቅት ውስጥ፣ በዚያው ኦፔራ፣ በአንድ ምሽት ካሳንድራንም ዲዶንም፣ ሁለቱንም ዋና ሴቶች፣ ዘፍናለች። ይህንን ለማነጻጸር፣ ከአንድ ማራቶን በኋላ ወዲያው ሌላ ማራቶን እንደመጀመር ቁጠሩት። በ1989 ደግሞ እዚያው ቤት የሾንበርግን «ኤርቫርቱንግ» ሠራች፤ ኦፔራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፋኙ አንድ ሰው ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 14 ቀን 1989፣ የፈረንሳይ አብዮት 200ኛ ዓመት ሲከበር፣ ፓሪስ አደባባይ ላይ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር የዘመረችው እሷ ናት። አዜዲን አላያ የተባለው ቱኒዚያዊ ዲዛይነር የሰፋላትን፣ የሰንደቅ ዓላማውን ሦስት ቀለም የያዘ ግዙፍ ልብስ ለብሳ። ቪዲዮው ዛሬም ስልክ ላይ ይገኛል። አሜሪካዊት ጥቁር ሴት፣ ቱኒዚያዊ ልብስ ሰፊ፣ የፈረንሳይ በዓል። ሳጥን የሚወዱ ሰዎች ያን ቀን የት እንደሚመድቧት ግራ ሳይገባቸው አልቀረም።

አንድ ጉሮሮ፣ ሦስት ሥራ

አሁን ቴክኒኩን ትንሽ እንይ፤ ምክንያቱም «ሁለገብ» የሚለውን ቃል በቀላሉ ነው የምንጠቀምበት።

ኦፔራ ማይክ የለውም። ዘፋኙ ከ80 እና ከ90 ሰው በላይ ካለው ኦርኬስትራ በላይ፣ በሺዎች ለሚቆጠር ሰው፣ በባዶ ጉሮሮው መሰማት አለበት። ይህ በጩኸት አይሆንም። የኦርኬስትራ ጉልበት የሚበዛው ወደ 500 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። የሠለጠነ የኦፔራ ዘፋኝ ጉሮሮውን በተለየ መንገድ ከፍቶ ድምፁን 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያጠናክረዋል። ኦርኬስትራው ደከም ባለበት ቦታ ገብቶ ይሰማል ማለት ነው። ገበያ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚሸጠውን ትተህ ያልተያዘውን ቦታ እንደመያዝ ነው።

ጃዝ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ማይኩ አጠገብህ ነው፤ ሹክሹክታህ ይሰማል። እዚያ የኦፔራ ድምፅ ይዘህ ብትመጣ፣ ቡና ቤት ውስጥ በድምፅ ማጉያ እንደማውራት ይሆናል። ቃሉን ከምቱ ትንሽ ማስቀደም፣ ትንሽ ማዘግየት ነው ጥበቡ። ስፒሪቹዋልና ጎስፔል ደግሞ ሌላ ሕግ አላቸው፤ የሚሰማህ ሰው «ታዳሚ» አይደለም፣ ተቀባይ ነው። አንተ ትጠራለህ፣ እሱ ይመልሳል። ድምፁ ፍጹም ሆኖ እምነቱ ከሌለ፣ ሰው ወዲያው ያውቅብሃል።

ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ታዲያ ምንድን ነው? ሁለት ነገር፤ ትንፋሽና ቃል። ጄሲ ኖርማን በጀርመንኛም፣ በፈረንሳይኛም፣ በእንግሊዝኛም ስትዘፍን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ትንፋሿ ደግሞ ረጅም ነው። ትልቁ ማሳያ በ1982 ላይፕዚግ ላይ ከኩርት ማዙር ጋር የቀረጸችው የሽትራውስ «አራቱ የመጨረሻ ዘፈኖች» ነው። ሽትራውስ እነዚህን ሲጽፍ የ84 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የመጨረሻውን ዘፈን ብዙዎች በ7 እና በ8 ደቂቃ ይጨርሱታል፤ እሷ 10 ደቂቃ ገደማ ትወስዳለች። እንዲህ ቀስ ብሎ ለመዝፈን ትንፋሹ ከየት ይመጣል? እሁድ እሁድ፣ ያለ መሣሪያ፣ ረጅም መዝሙር ስትዘምር ያደገች ልጅ ያጠራቀመችው ነው ብል አልተሳሳትኩም መሰለኝ።

ኢኮኖሚክስም ለዚህ ስም አለው፤ ከስሚዝ ፋብሪካ ብዙ ቆይቶ የመጣ ሐሳብ ነው። ከአንድ ግብዓት ብዙ ምርት ማውጣት በየብቻው ከማምረት ሲረክስ ማለት ነው። በግ ስታረባ ሥጋውንም፣ ቆዳውንም፣ ሱፉንም ታገኛለህ፤ ለእያንዳንዱ ሌላ በግ አትገዛም። ቁም ነገሩ ታዲያ በጉ አንድ መሆኑ ላይ ነው። በግ፣ ንብና ዶሮ ባንድ ጊዜ ብታረባ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ሦስት ሥራ፣ ሦስት ድካም።

እኛም ዘንድ ይህ እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የተማረ መሪጌታ ግዕዙንም፣ ዕዝሉንም፣ አራራዩንም ያዜማል። ሦስት ዜማ ቻለ ብሎ «አንዱን ያዝ» የሚለው የለም።

ሁሉም አላጨበጨበም

መቼም ይህንን ካላነሳሁ ሐቀኛ አልሆንም። የጃዙ ጉዞዋ እንደ ኦፔራው ሁሉንም ሰው አላስደሰተም። በ2000 ከፈረንሳዊው ሚሼል ሌግራንድ ጋር አንድ አልበም ሠራች፤ ፒያኖው ላይ ራሱ ሌግራንድ፣ ቤዙ ላይ ሮን ካርተር፣ ድራሙ ላይ ግሬዲ ቴት። ከዚህ የተሻለ ባንድ አይገኝም። በ2010 ደግሞ «ሩትስ»፣ «ሥሮች» እንደማለት፣ የሚል ድርብ አልበም አወጣች፤ ስፒሪቹዋል፣ ኤሊንግተን፣ ገርሽዊን ሁሉ አንድ ላይ ያሉበት። ለእንዲህ ያለ ዘፈን ድምፅዋ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው ያሉ ነበሩ። እኔም አንዳንዶቹን ስሰማ በትንሽ ስኒ ቡና በጀበና ሙሉ እየተቀዳልኝ ያለ ይመስለኛል፤ ይፈሳል። ግን ጣዕሙ የእሷ ነው።

ሌላው ወቀሳ ከቤተ ክርስቲያን በኩል የሚመጣው ነው። እኛ አገር «ዘማሪ» እና «ዘፋኝ» የሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ገደል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መዝሙር የለቀቀ ልጅ ዘፈን ቢለቅ ኮሜንት ውስጥ ምን እንደሚጻፍ መገመት አይከብድም። ጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይህ ጭቅጭቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ጄሲ በዚህ በኩል የተከተለችው ሰው ዱክ ኤሊንግተን ይመስለኛል። የጃዝ ንጉሥ የሚባለው ሰውዬ፣ ዕድሜውን በዳንስ ቤት ሙዚቃ ካሳለፈ በኋላ፣ በ1965፣ በ1968 እና በ1973 ሦስት «ቅዱስ ኮንሰርት» ለቤተ ክርስቲያን ጻፈ። ጃዙን ሳይለውጥ ይዞት ገባ። ጄሲም እነዚህን ሥራዎች በኋለኛው ዘመኗ በኮንሰርት ዘፍናቸዋለች።

በነገራችን ላይ ኤሊንግተን ሦስተኛውን ቅዱስ ኮንሰርት ለንደን ዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያቀረበው በጥቅምት 1973 ነው። ሳምንታት ቆይቶ የት ነበር? አዲስ አበባ! ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሸለሙት፤ የኛው ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ሠራ። ሙላቱም ቢሆን ከኛ ቅኝቶችና ከጃዝ አንዱን ምረጥ ቢባል ኢትዮ ጃዝ የሚባል ነገር ዛሬ አይኖርም ነበር።

ከእሷ በኋላ

ጄሲ ኖርማን በ1997 የአሜሪካን ታላቅ የጥበብ ክብር፣ የኬኔዲ ማዕከልን ሽልማት፣ ስትቀበል እስከዚያን ጊዜ ከተሸለሙት ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ነበረች። በ2003 ኦገስታ ውስጥ በስሟ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆች ከመደበኛ ትምህርታቸው በኋላ ገብተው ሙዚቃ፣ ዳንስ፣ ትያትርና ሥዕል ያለ ክፍያ ይማሩበታል። በ2015 የጀርባ አጥንት ጉዳት ደርሶባት፣ ከዚያው ጋር በተያያዘ ሕመም መስከረም 30 ቀን 2019 ኒውዮርክ ውስጥ በ74 ዓመቷ አረፈች።

አንድ የመጨረሻ ነገር ግን አለ፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ ስለ እሷ የሚናገረው ይህ ነው። በ2023 የቀረጻ ኩባንያዋ ሦስት ሲዲ ሙሉ፣ ሰው ያልሰማው ሥራ አወጣ። እነዚህ ቀረጻዎች ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው በ1998 የተቀረጹ የቫግነር «ትሪስታን» ክፍሎች አሉበት። ያልወጡት ኩባንያው ስላልፈለጋቸው አይደለም፤ በሕይወት ሳለች ራሷ «ይውጣ» ስላላለች ነው። እኛ ከእንቅልፋችን ሳንነሳ ስቶሪ በምንለጥፍበት ዘመን፣ እንዲህ ያለውን ሥራ «ገና ነው» ብላ መደርደሪያ ላይ የተወች ሴት!

ለኢርፎናችሁ

ዳታ ካላችሁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ስሟት። መጀመሪያ በ1990 ካርኔጊ አዳራሽ ከካትሊን ባትል ጋር ያቀረበችው የስፒሪቹዋል ኮንሰርት፤ ለጆሯችን ቅርብ ነው፣ ቪዲዮም አለው። ቀጥሎ ከሌግራንድ ጋር ያለው አልበም፤ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ። መጨረሻ ላይ «አራቱ የመጨረሻ ዘፈኖች»፤ ግን እባካችሁ በስልክ ስፒከር አይሁን፣ ታክሲ ውስጥም አይሁን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሊሰለቿችሁ ይችላሉ። ታገሷቸው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ባለፈው ሰሞን ቡና ላይ ተገናኘን። ታሪኳን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ልጅቷማ ዛፏ አንድ ነው፤ ቅርንጫፉ ነው የበዛው» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ያንተስ?» ሲል ጠየቀኝ።

ለመርታት ያዘጋጀሁት ክርክር እዚያው ላይ ቀረ። ማታ ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። መጻፍና የሱቆቹ ሒሳብ ይገናኛሉ፤ የምጽፈው ብዙ ጊዜ ስለ ኑሮና ስለ ገንዘብ ነው፣ የዘይትና የስኳር ዋጋ የሚገባኝም የባለሱቆቹን ደብተር ስለማይ ነው። የሰርግ ቪዲዮውስ? ከወረቀቱ ላይ ረጅም ጊዜ ፈልጌ የሚያገናኘው መስመር አጣሁለት። ብሩ ጥሩ ነው፤ የኪራይ ግማሽ ይሸፍንልኛል። እሺ ያልኩት ግን ብር ስላለው እንጂ ስለምፈልገው አልነበረም።

የዚህን ወር ሁለት ሰርጎች ቃል ስለገባሁ እጨርሳለሁ። ለሦስተኛው ትናንት ደውዬ «ይቅርታ፣ አልችልም» አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ስለ ኪራዩ ማሰብ ጀመርኩ። ጄሲ ኖርማንም በ1975 ከዚያ ቤት በር ስትወጣ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ኪራይ ይሆን እንዴ?